የእንግዳ ዓይን በለንደን ከተማ

በዚህ ገጽ ላይ ስለ ድርሰት በተናገርን ጊዜ አብዛኛውን የሀገራችንን ሊቃውንት ሥራ ስንመረምር ቈይተናል። ዛሬ ግን ከባሕር ማዶ የመጣ፥ የባሕር ማዶ ሰዎችንም ኑሮ የሚናገር አንድ መጽሐፍ ይዤ ቀርቤአለሁ። ምክንያቱን አስቀድሜ ብናገር ይሻላል፤ ምክንያቱ ከቤቴ የወጣ ነውና።

የታላቅ እኅቴ የበኵር ልጅ ወደ ለንደን ከሄደ እነሆ 4 ዓመት ሆነው። በደረሰ በሳምንቱ ስልክ ደውሎ ያየውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ዘረዘረልን፤ ፎቅና ምድር ያለውን ቀዩን አውቶቡስ፥ ከምድር በታች እንደ ፍልፈል የሚሮጠውን ባቡር፥ ሌሊቱ ቀን የሚመስለውን አደባባይ አንዱንም ሳያስቀር ነገረን። እኅቴ እልል አለች። እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ የሰማሁትን ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። ዳሩ ግን በዚያ ቀን «ማታ የት ታድራለህ? ከማንስ ጋር ትበላለህ?» ብዬ አለመጠየቄ ዛሬ ይከነክነኛል። ልጁ የሚደውልበት ቀን እየራቀ፥ ቃሉም እያጠረ ሄደ። አሁን ደግሞ ታናሽ ወንድሙ «እኔም ልከተል» ብሎ ተነሥቶአል። እናቱም ላሞቿንና የባሕር ዛፏን ሸጣ ልትሰደው አስባ፥ «አንተ የተማርህ ነህ፤ ምን ትለኛለህ?» ብላ ምክር ጠየቀችኝ።

ይህን በልቤ ሳወጣና ሳወርድ፥ የእንግሊዝኛ መምህር የሆነ አንድ ጎረቤቴ ይህን መጽሐፍ አዋሰኝ። የእኔ እንግሊዝኛ በመዝገበ ቃላት ምርኵዝ የሚሄድ ነውና ከእርሱ ጋር ተቀምጬ ገጽ በገጽ ሳነበው ክረምቱ አለቀ።

የመጽሐፉ ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «ብቸኞቹ ለንደናውያን» ማለት ነው። ደራሲው ሳሙኤል ሴልቨን በፈረንጅ አቈጣጠር በ1923 በትሪኒዳድ ደሴት በሳን ፈርናንዶ ከተማ፥ የሕንድ ዘር ካለው ቤተ ሰብ ተወለደ፤ በ1950 በመርከብ ተሳፍሮ ወደ ለንደን ሄደ፤ መጽሐፉንም በ1956 አሳተመ። በዚያችው መርከብ ላይ የባርቤዶስ ተወላጅ የሆነ ጆርጅ ላሚንግ የሚባል ደራሲ አብሮት ነበረ፤ እርሱም በ1954 ስለ ስደተኞች መጽሐፍ አውጥቶአል። ዘመኑን ለማስታወስ ያህል፥ የእንግሊዝ ምክር ቤት በ1948 ባወጣው የዜግነት ሕግ በቅኝ አገር የሚኖሩ ሰዎች ወደ እንግሊዝ ገብተው መኖርና መሥራት እንዲችሉ ጸና። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር «ኤምፓየር ዊንድረሽ» የምትባል መርከብ ብዙ መቶ የካሪቢያን ሰዎችን ጭና በቲልበሪ ወደብ አወረደች። ከዚያም በ1962 በሩን የሚያጠብ ሕግ እስኪወጣ ድረስ ብዙ ሰው ተከታትሎ ገባ። እነዚህ ሰዎች በትምህርት ቤታቸው የእንግሊዝን ነገሥታት ታሪክና የእንግሊዝን ግጥም ሲያጠኑ ያደጉ ናቸው፤ አገሪቱንም «እናት አገር» ይሏት ነበር። እንግዲህ የሄዱት ወደ ባዕድ ቤት ሳይሆን ወደ እናታቸው ቤት መስሏቸው ነው። የመጽሐፉ ኀዘን ሥሩ ይህ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በአንድ የብርድ ማታ ነው። ከትሪኒዳድ መጥቶ በለንደን 10 ዓመት ያህል የኖረ ሙሴ የሚባል ሰው፥ ከሚኖርበት ከቤይዝወተር ሰፈር በ46 ቍጥር አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ ዋተርሉ የባቡር ጣቢያ ይሄዳል። የሚሄደውም የማያውቀውን ሰው ለመቀበል ነው፤ አንድ ወዳጁ ካገር ቤት «ሰው መጥቶብሃልና ተቀበልልኝ» ብሎ ጽፎለታል። ጉም ከተማውን ሸፍኖታል። ሙሴ በመንገዱ ሁሉ በገዛ ልቡ ላይ ያጕረመርማል፤ ከደሴቶቹ የሚመጣ ሰው ሁሉ የእርሱን ስምና አድራሻ ይዞ ይመጣል፥ እርሱም እንቢ ማለት አይሆንለትም። ከባቡሩ የሚወርደው እንግዳ ሄንሪ ኦሊቨር ይባላል። በዚያ ብርድ ስስ የቈላ ልብስ ለብሶ፥ ካፖርት ሳይደርብ፥ ጓንት ሳያጠልቅ፥ ሻንጣም ሳይዝ ይወርዳል። ሙሴ እየተንቀጠቀጠ «አልበረደህም?» ቢለው፥ ልጁ ይልቁን ሞቆኛል ይላል። በሚናገርበት ጊዜ ከአፉ ጢስ ሲወጣ አይቶ ግን ይደነግጣል። ሙሴም በዚህ አገር ቃል በብርድ ይረጋልና ንግግሩን ለመስማት አንዳንድ ጊዜ ማቅለጥ ያስፈልጋል ብሎ ይቀልድበታል።

የደጋ ሰው የሆነ የእኛ አገር አንባቢ በጢሱ አይደነቅም። በጮቄ ተራራ ሥር ላደገ ሰው በጥቅምት ማለዳ ከአፍ የሚወጣ እንፋሎት የልጅነት መጫወቻው ነው። ነገር ግን ቀልዱን አልፌ ከሄድሁ በኋላ ተመለስሁበት። ሰሙ የብርድ ቀልድ ነው፤ ወርቁ ግን በባዕድ ከተማ ቃሉ በአፉ ላይ የሚረጋበትን ሰው ይነግረናል። ይህ ሰው አሁን በጣቢያው የሚለፈልፈው እንግዳ አይደለም። 10 ዓመት የኖረው ሙሴ ራሱ ነው፤ ስለ ራሱ ኑሮ ለማንም የማይናገረው እርሱ ነውና። እኔም ይህን ባነበብሁ ጊዜ ስልኩ እያጠረ የሄደውን ልጃችንን አሰብሁ።

ስለ ከተማ የመጀመሪያ ቀን የሚጻፍ ድርሰት አብዛኛውን ጊዜ የሚጐድለው ነገር አለ። እንግዳው ብቻውን የጻፈው እንደሆነ መደነቅ ብቻ ይሆናል፤ ፎቁ ረዘመ፥ መብራቱ በዛ፥ ሰው ሮጠ እያለ ይቈጥራል። ኑሮ የሰለቸው ሰው ብቻውን የጻፈው እንደሆነ ደግሞ የመጀመሪያውን ቀን ከረሳው ቈይቶአልና ምሬቱን በዚያ ቀን ላይ ይቀባዋል። ሴልቨን ግን ሁለቱን ሰዎች በአንድ መንገድ ላይ ጐን ለጐን አስሄዳቸው። እንግዳው ያያል፥ ነባሩ የታየውን ይፈታል። ለቅኔ ቤት ተማሪ ይህ ሥርዐት እንግዳ አይደለም። እኔ በልጅነቴ ከቤቴ የሦስት ቀን መንገድ ሄጄ ቅኔ ቤት በገባሁ ጊዜ፥ የማን ቤት ውሻ እንደሚነክስ፥ የትኛዪቱ እመቤት ቍራሽ እንደማትነፍግ የነገረኝ ከእኔ በፊት የገባ አንድ ተማሪ ነበር። ያን አገር መጀመሪያ በዓይኔ፥ ሁለተኛ በእርሱ አፍ ተማርሁት። ሙሴም ለእንግዳው እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ የእኛ ነባር ተማሪ አንድ ቀን ተመርቆ አገሩ እንደሚገባ ያውቅ ነበር።

ከመጽሐፉ ሁሉ ለእኔ የበለጠው ገጽ የማግሥቱ ጧት ነው። እንግዳው የሙሴን እርዳታ እንቢ ብሎ፥ ሥራ ፍለጋ ብቻዬን እወጣለሁ ብሎ ይሄዳል። ሰው ሁሉ ወደየሥራው ይጣደፋል፤ እርሱን የሚያየው የለም። ቀና ብሎ ሰማዩን ቢመለከት ፀሓይ ወጥታለች፤ ነገር ግን ያለ ጊዜዋ የበሰለች ብርቱካን መስላ ተሰቅላለች፥ ሙቀትም የላትም። ያን ጊዜ ፍርሃት ይይዘዋል። ማታ በብርዱ ያልፈራ፥ ያለ ሻንጣ ውቅያኖስ የተሻገረ ሰው በፀሓይ ይፈራል። ይህ እንዴት ይሆናል ቢሉ፥ እርሱ በመጣበት ደሴት ፀሓይና ሙቀት ሁለት ነገሮች አይደሉም። እኛም «ፀሓይ መታኝ» ስንል ሙቀቱን እንጂ ብርሃኑን አንልም። እንግዲህ ፀሓይ ያለ ሙቀት ባየ ጊዜ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ቃል ትርጓሜው ጠፋበት። ፎቅና ባቡር አዲስ ስም ያላቸው አዲስ ነገሮች ናቸውና ሰው ይደነቅባቸዋል እንጂ አያስፈሩትም፤ የሚያስፈራው የለመደው ስም ያልለመደውን ነገር ይዞ ሲገኝ ነው። ስለ ስደት ብዙ ሰዎች ሲጽፉ አይቻለሁ፤ ይህን ነገር በዚህ ዓይነት ያየ ግን አላጋጠመኝም። በዚያ ድንጋጤ መካከል ሙሴ ይደርስለታል፤ ልጁ እንደሚጠፋ አውቆ ከኋላው ሲከተለው ኖሮአልና።

አሁን ስለ ቋንቋው ልናገር። መጽሐፉን በጀመርሁ ጊዜ ያስቈጣኝ ይህ ነበር። እንግሊዝኛው ጎረቤቴ ለተማሪዎቹ የሚያስተምረው እንግሊዝኛ አይደለም፤ ግሱ ጊዜውን አይጠብቅም፥ ነጠላውና ብዙው ይቀላቀላል። በቅኔ ቤት አንድ ግስ ያለ አገባቡ የገባ እንደሆነ መምህሩ ቤቱ ሳይሞላ ያስቆመዋል። እኔም «ይህን ማን አሳለፈው?» ብዬ መጽሐፉን ልመልሰው ነበር። ጎረቤቴ ግን አስረዳኝ። ሴልቨን በኋላ ዘመን እንደ ተናገረው፥ ድርሰቱን መጀመሪያ በደንበኛው እንግሊዝኛ ጀምሮት አልሄድ ብሎት ነበር፤ ወደ ትሪኒዳድ ሰው አነጋገር በመለሰው ጊዜ ሥራው ተቃናለት። ባለ ታሪኮቹ እንዲያ መናገራቸው ብቻ ቢሆን ከእርሱ በፊትም ሌሎች አድርገውታል፤ የእርሱ ድፍረት ተራኪው ራሱ በዚያው አንደበት መተረኩ ነው። ይህም ምን ይጠቅማል ቢሉ፥ ተራኪው እንደ ለንደን ሰው ቢናገር ኖሮ ከተማዪቱ ዳኛ፥ እንግዶቹ ተከሳሽ በሆኑ ነበር። አሁን ግን የምትመዘነው ለንደን ናት፤ ሚዛኑም የእንግዶቹ ምላስ ነው። ደግሞም ቀስ እያልሁ ሳጠናው ያ አነጋገር ሕግ የሌለው አለመሆኑን አስተዋልሁ። ሕግ አለው፤ ሕጉ ሌላ ነው እንጂ። ስለዚህ ቍጣዬን አነሣሁ። ሰዋስው ሳይማሩ «እኔም እንደ ሴልቨን እጽፋለሁ» ለሚሉ ወጣቶች ግን ይህ ምስክር አይሆናቸውም፤ እርሱ ሁለቱንም ቋንቋ አጥርቶ ያወቀ ሰው ነበርና።

ስለ ስሞቹም ጥቂት እላለሁ። የኦሪቱ ሙሴ ሕዝቡን ከግብፅ አውጥቶ፥ የተስፋዪቱን ምድር ከናባው ተራራ በዓይኑ አይቶ ሳይገባባት ዐረፈ። የለንደኑ ሙሴ ግን የገባ ነው፤ ወገኖቹም ተከትለውት ገብተዋል፤ ሆኖም 10 ዓመት ኖሮባት ገና አልደረሰባትም። የእንግዳው ቅጽል ስም ደግሞ ጋላሃድ ነው። ጋላሃድ በእንግሊዞች የጥንት ተረት ጌታችን በምሴተ ሐሙስ የያዘውን ጽዋ ፈልጎ ያገኘ ንጹሕ ፈረሰኛ ነው። ይህን የሚያህል ስም ጥርስ መፋቂያ ብቻ ይዞ ለመጣ ሥራ ፈላጊ መስጠት ሹፈት ይመስላል። አንድም እውነተኛ ምስጋና ነው፤ ልጁ ለንደንን የሚፈልጋት እንደ ጽዋው ነውና። የቦታዎቿን ስም መጥራት ብቻ ደስ ይለዋል። ከአንዲት ልጅ ጋር ሲቀጣጠር «ቻሪንግ ክሮስ»፥ «ፒካዲሊ ሰርከስ» ማለቱ ከመገናኘቱ ይልቅ ይጥመዋል። ይህን ሳነብ ሣቄ መጣ፤ የእኅቴም ልጅ በዚያች በመጀመሪያዋ ስልክ የጣቢያዎቹን ስም እንደ ዳዊት ደግሞልን ነበርና።

ጽዋ ፈላጊው በኋላ ምን አገኘ? በአንድ ክፉ ክረምት ሥራ አጥቶ፥ ርቦት፥ በኬንሲንግተን ጋርደንስ መናፈሻ አንዲት ርግብ ይይዛል። ውሻዋን ይዛ የምትዞር አንዲት ሴት አይታ ትጮኽበታለች፤ እርሱም ወፊቱን ደብቆ ይሮጣል፤ ከሙሴም ጋር ቀቅለው ይበሏታል። ርግብ በእኛ ዘንድ የምን ምሳሌ እንደ ሆነች ለዚህ ጋዜጣ አንባብያን መንገር አያስፈልግም፤ ስለዚህ ይህ ገጽ ለእኛ ከደራሲው አሳብ ይልቅ ይከብዳል። ደራሲው ሊያሳየን የፈለገው ለወፍ የሚራራ ከተማ ለሰው አለመራራቱን ነው። ቢሆንም ርግቧን እየበሉ የአገራቸውን ጨዋታ ያነሣሉ፤ በዚያች ማታ ብቻ ጠግበው አደሩ ማለት ይቻላል።

ሙሴ እንግዳውን ወደ ሥራ ፈላጊዎች መመዝገቢያ ቢሮ በወሰደው ጊዜ የሚነግረው ነገር ደግሞ ቀልድ የለበትም። በመዝገቡ ራስ ላይ ጸሓፊዎቹ ከጃማይካ የመጣ ጥቍር መሆኑን የሚያመለክት ምልክት ያደርጋሉ፤ ለለንደን ሰው ከየትኛውም ደሴት የመጣ ሁሉ ጃማይካዊ ነው። ሥራ ሲገኝም አስቀድመው አሠሪውን ጥቍር ትቀበላለህን ብለው ይጠይቃሉ። ማስታወቂያ አልተለጠፈም፥ ስድብም አልተሰማም፤ በወረቀት ጥግ ላይ ጥቂት ፊደላት ናቸው። ኋላ ጋላሃድ በመልኩ ምክንያት የደረሰበትን እያሰበ እጁን አንሥቶ ይመለከታል፤ ቀለሙንም እንደ ሰው ጠርቶ ይወቅሰዋል፤ ይህን ሁሉ የምታመጣ አንተ ነህ፥ ለምን ሰማያዊ ወይም ቀይ አልሆንህም ይለዋል። የእኛ ሊቃውንት በመልክእ ድርሰት የቅዱሱን አካል ከራስ ጠጕር እስከ እግር ጥፍር እያንዳንዱን እየጠሩ ሰላምታ ያቀርባሉ። የጋላሃድ ነገር የተገለበጠ መልክእ ነው፤ የገዛ እጁን ጠርቶ በሰላምታ ፈንታ ክስ ያቀርብበታል። በአማርኛ ደግሞ «ቀለም» የሚለው ቃል ኅብር አለው። የቆዳም መልክ ቀለም ነው፥ የምንጽፍበትም ቀለም ነው፥ ትምህርትም ቀለም ነው። በእኛ ቤት «ቀለም የገባው» ሰው ይከበራል፤ በዚያ ከተማ ቀለሙ ከውጭ የታየው ሰው ይመለሳል። ሴልቨን አማርኛ አያውቅም፤ ቢያውቅ ኖሮ ይህች ቃል ባላመለጠችው ነበር።

አሁን ወደ እኅቴ ነገር ልቅረብ። በመጽሐፉ ውስጥ ቶልሮይ የሚባል የጃማይካ ሰው አለ። ለእናቱ በሳምንት አምስት ፓውንድ አገኛለሁ ብሎ ይጽፍላታል። እናቱ ብቻዋን ትመጣለች ብሎ ጣቢያ ቢወጣ ቤተ ሰቡ ሁሉ፥ ባልቴቷ አክስት ታንቲ ሳትቀር፥ ከነጓዙ ይወርድበታል። አንድ የጋዜጣ ሰውም እዚያው ይዞአቸው ለምን እንደ መጡ ይጠይቃቸዋል። ልጁ የጻፈው ሐሰት አልነበረም። አምስት ፓውንዱን ያገኛል። ያልጻፈው የቤቱን ኪራይ፥ የከሰሉን ዋጋ፥ የክፍሉን ጥበት ነው። ሰው ወደ አገሩ ሲጽፍ የሚያየውን ይጽፋል እንጂ የሚኖርበትን አይጽፍም።

ታንቲ ግን ከባለ ታሪኮቹ ሁሉ የምትደነቅ ናት። ሌሎቹ ከተማውን ሊመስሉ ሲደክሙ እርሷ ከተማው እርሷን እንዲመስል ታደርጋለች። በሰፈሯ ሱቅ ዳቦ ሳይጠቀለል በእጅ ሲሰጥ አይታ ትቈጣለች፥ ኋላም በወረቀት ይጠቀለል ጀመር። ባለ ሱቁን ተከራክራ ዱቤ ታስጀምረዋለች፤ የሰፈሩም ድኻ ሁሉ ይጠቀማል። ከቀበሌዋ ወጥታ የማታውቅ ስትሆን፥ አንድ ቀን ቍልፍ ለማምጣት የግድ ሆኖባት ብቻዋን በምድር ውስጥ ባቡርና በአውቶቡስ ትሄዳለች፤ የፈራችውን ሁሉ ፈርታ ትደርሳለች። እውነተኛው የከተማ መግባት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ፒካዲሊን ማየት አይደለም።

ነቀፋዬን ግን አልሰውርም። ደራሲው ስለ ቀለም የሚደረገውን ግፍ እንዲህ አጥርቶ ሲያይ በሴቶች ላይ የሚደረገውን በሣቅ ያልፈዋል። ስለ ለንደን በጋ በሚናገርበት ክፍል ብዙ ገጽ ያለ አንድ ነጥብ እንደ ወንዝ ይፈሳል፤ ለጆሮ እጅግ ያማረ ነው፤ ዳሩ ግን በዚያ ውበት ውስጥ ሴቶቹ ስም የላቸውም፥ እንደ አደን ይቈጠራሉ። ከዚህ የከፋ ደግሞ የሉዊስና የሚስቱ የአግነስ ነገር ነው። ሉዊስ ሌሊት ሠራተኛ ነውና ሚስቱን ይጠራጠራል፤ ሙሴን ቢጠይቀው ሙሴ ለጨዋታ ያህል ጥርጣሬውን ያባብስበታል፤ ያም ሰው ቤቱ ገብቶ ሴቲቱን ይደበድባታል። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። በመጨረሻ ሸሽታ ታንቲ ቤት ትገባለች፥ ባሏንም ትከሳለች። ደራሲው ይህን ሁሉ በተረበኛ አንደበት ይነግረናል፤ ሙሴም ስለ ሠራው ክፋት ሲጸጸት አናየውም። አንዳንድ ሰዎች ደራሲው የታዘበውን ጻፈ እንጂ አልመሰከረለትም ይላሉ። እኔ ግን በጋላሃድ እጅ ላይ ቆሞ ያዘነ ብዕር በአግነስ ፊት ላይ አንድ መስመር ቢያዝን ምን ነበረበት እላለሁ። አግነስም እንግዳ ናት፤ የእርሷን የመጀመሪያ ቀን የጠየቀ የለም።

ከዚህ መጽሐፍ ጋር የእኛን አገር ሰው ሥራ ላስተያይ። በአዲስ አበባ በ1978 ተወልዶ በሁለት ዓመቱ ወደ አሜሪካ የተወሰደው ዲናው መንግሥቱ፥ በ2007 በእንግሊዝኛ ባሳተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ፥ በዋሽንግተን ሎጋን ሰርክል በሚባል ሰፈር ትንሽ ሱቅ የያዘ ሰፋ እስጢፋኖስ የሚባል ኢትዮጵያዊ ታሪክ ጽፎአል። ሰውየው አገሩን ከለቀቀ 17 ዓመት ሆኖታል። ሲመጣ ከአጎቱ ጋር በሲልቨር ስፕሪንግ ይኖር ነበር፤ ከኮንጎና ከኬንያ የመጡ ሁለት ወዳጆች አሉት፤ እየተሰበሰቡ የአፍሪካን አምባገነኖች ስምና የመፈንቅለ መንግሥቱን ዓመት እየተጠያየቁ ይጫወታሉ። የሴልቨን ሰዎች በታላቅ ድምፅ ሲስቁ የዲናው ሰዎች በዝግታ ያዝናሉ። ነገር ግን ዲናው አንድ ነገር ጨምሮአል። በእርሱ መጽሐፍ ውስጥ አዲስ እንግዶቹ ያረጁትን ቤቶች እያደሱ ወደ ድኾቹ ሰፈር የሚገቡ ባለ ጠጎች ናቸው፤ ስደተኛው ደግሞ በሱቁ ደጃፍ ቆሞ የሚያያቸው ነባር ሆኖአል። እንደገና ከሰፈሩ ሊገፋ የተቃረበውም እርሱ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ድንጋጤ ለማወቅ የሚሻ ሴልቨንን ያንብብ፤ ከ17 ዓመት በኋላ የሚቀረውን ለማወቅ የሚሻ ዲናውን ይጨምር።

ሴልቨን በ1978 ወደ ካናዳ ሄደ፤ በ1994 በትሪኒዳድ ሞተ። ሙሴን ግን አልተወውም፤ በ1975ና በ1983 ባሳተማቸው ሁለት መጻሕፍት ታሪኩን ቀጥሎበታል። በዚህኛው መጽሐፍ ሲያልቅ ሙሴን የምንተወው በበጋ ሌሊት በቴምዝ ወንዝ ዳር ቆሞ ነው። ከዚያ በፊት በየእሑዱ ጧት ወዳጆቹ ሁሉ ወደ ጠባቡ ክፍሉ ይመጣሉ፤ ማን ሥራ አገኘ፥ ማን ታመመ፥ አገር ቤት ምን ወሬ አለ ይባባላሉ። ደራሲው ይህን ስብሰባ ከኑዛዜ ጋር ያመሳስለዋል። አንደኛው ይናገራል፥ ሁሉም ይሰማል፤ የሚፈታቸው ካህን ግን የለም። ወደ አገር እመለሳለሁ እያሉ ክረምቱ ይመጣል፥ ክረምቱ ይሄዳል።

ይህን ገጽ አንብቤ የጨረስሁ ዕለት ማታ ለልጃችን ደወልሁና በመጀመሪያው ቀን ያልጠየቅሁትን ጠየቅሁት፤ የት ታድራለህ፥ ከማን ጋር ትበላለህ አልሁት። ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ኋላም «በአንድ ክፍል አራት ሆነን ነው፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አብረን ወጥ እንሠራለን» አለኝ። ጥቂት ቈይቶ፥ «አጎቴ፥ ይህን ማን ነገረዎት?» አለ። ማንም አልነገረኝም፥ ከመጽሐፍ አገኘሁት ብለው አላመነኝም።

ለእኅቴም ሄጄ መጽሐፉን እንደ ተረት አወራኋት፤ ላክ ወይም አትላክ አላልኋትም። ስለ ፀሓዪቱ ብነግራት ራሷን ነቀነቀች። ስለ ርግቧ ብነግራት አማተበች። ስለ ቶልሮይ ደብዳቤ ስነግራት ዓይኗን ወደ በሩ አዞረች፤ ታናሹ ልጅ በደጅ ከብት ያስገባ ነበር። የታንቲን የዳቦ ክርክር በሰማች ጊዜ ግን እስክታነባ ሳቀች፥ ደግሜም እንድነግራት ለመነችኝ። ከዚያ በኋላ «ለመሆኑ ያች ሴትዮ ኋላ አገሯ ገባች ወይ?» አለችኝ።

«እትዬ፥ መጽሐፉ ሲያልቅ ገና ለንደን ናት» አልኋት።

«እንግዲያ የላሞቹ ነገር እስከ ጥር ይቈይ» አለችና ቡናውን ልታፈላ ተነሣች።